ፊልም ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ለምን ሁሌ ይሰማማሉ?

ታናሽ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ትናንት ማታ ከአባቴ ጋር ፊልም አየን። አባቴ 79 ዓመቱ ነው። ፊልሙ «ዘ በኬት ሊስት» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ ጃክ ኒኮልሰንና ሞርጋን ፍሪማን የሚሠሩበት። ሁለት ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ሆስፒታል አንድ ክፍል ተኝተው ይተዋወቁና ከመሞታቸው በፊት ዓለምን ሊዞሩ ይነሳሉ። ከአውሮፕላን ይዘላሉ። በመኪና ይሽቀዳደማሉ። ፒራሚድ ላይ ተቀምጠው ስለ ሕይወት ያወራሉ። እኔ መጨረሻው ላይ አለቀስኩ። አባቴ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እነዚህ ሰዎች እኮ ሁሌ ይሰማማሉ» አለኝ።

«ኧረ ሲጨቃጨቁ ነው ያመሹት» አልኩት።

«ጆሮ ነው የምልሽ» አለ፣ ጆሮውን በጣቱ እየነካ። «አንዱ ተናግሮ ሌላው ‹ምን አልክ?› ሲል ሰምተሻል?»

እውነቱን ነው። አንድም ጊዜ አላሉም።

አባቴ የ52 ዓመት ጓደኛ አለው። አብረው ነው የሠሩት፣ አብረው ነው ጡረታ የወጡት። ጓደኛው ሚስቱ ካረፈች በኋላ ልጁ ቤት ገባ። አንድ ከተማ እየኖሩ ከተያዩ ሁለት ዓመት አለፈ። እሁድ እሁድ ይደዋወላሉ። አባቴ ስልኩን ላውድ ላይ ያደርግና አፉ ፊት እንደ መስታወት ይይዘዋል። ሁለቱም ይጮኻሉ። አንዱ ስለ ጉልበቱ ሲያወራ ሌላው ስለ ዝናቡ ይመልሳል። አባቴ «አዎ አዎ፣ እንደሱ ነው» ይላል። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ነበር ያለኝ?» ይለኛል።

ያለፈው እሁድ ጓደኛው «ሐሙስ ዓይኔን ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው፣ ፈርቻለሁ» አለው። አባቴ «ጎሽ! ጎሽ! በርታ!» አለ። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ «ምንድን ነው ሠራሁ ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ፈርቻለሁ ነው ያለህ አባዬ» አልኩት። ብዙ ደቂቃ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መልሰህ ደውል ብለው እምቢ አለ።

ይህን የሚያሳይ ፊልም አይቼ አላውቅም። እናንተ አይታችኋል? የወላጆቻችሁ ጓደኝነትስ እንዴት ነው?

የድሮ ፊልም

ታናሽ ልጅ፣ «ጎሽ በርታ» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ነበር።

የአባትሽ አስተያየት ከብዙ የፊልም ሐያሲ ይበልጣል። አንዱ ምክንያት ይመስለኛል የምለውን ልንገርሽ። ብዙ ጊዜ ሽማግሌውን የሚሠራው ሰው ሽማግሌ አይደለም። የያሱጂሮ ኦዙ «ቶክዮ ስቶሪ» (እ.ኤ.አ. 1953) ስለ እርጅና ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ። አባትየውን የሠራው ቺሹ ሪዩ ግን ያኔ 49 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የሊዮ ማካሪ «ሜክ ዌይ ፎር ቱሞሮው» ውስጥ አሮጊቷን እናት የሠራችው ቢዩላ ቦንዲ 50 ዓመት እንኳ አልሞላትም። «ዘ ጎልደን ገርልስ» በሚባለው ተከታታይ ደግሞ እናት ሆና የምትሠራው ኤስቴል ጌቲ ልጇ ከሆነችው ከቢ አርተር በዕድሜ ታንሳለች!

ጀርባ ይጎብጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፀጉር ይነጣል። ይሄ ሁሉ በሜካፕና በልምምድ ይመጣል። ጆሮው ግን የ49 ዓመት ሰው ጆሮ ነው። የሚናገረውንም ቀድሞ በቃሉ ይዞታል። መልሱ ቶሎ ይመጣል። አባትሽ የያዘው ይህንን ነው።

እንደዚያም ሆኖ «ቶክዮ ስቶሪ» ውስጥ አንድ ቦታ አለ። አባትየው ልጆቹ ጊዜ አጥተውለት ሲንከራተት ሁለት የድሮ ወዳጆቹን ያገኛል። ሦስቱ ተቀምጠው ይጠጣሉ። መጀመሪያ የድሮውን ያነሳሳሉ፣ ሞቅ ሲላቸው ስለ ልጆቻቸው ማማረር ይጀምራሉ። አንዱ ልጁ የጠበቀውን ያህል ሰው እንዳልሆነ ይናገራል። ለሰው የማይባል ነገር ነው። ለድሮ ጓደኛ ግን ይባላል። ከዚያ አባትየው ሰክሮ ከአንዱ ወዳጁ ጋር በሌሊት ሴት ልጁ ቤት ይገባል፣ ልጅቷ ትቆጣለች። ማንም ንግግር አያደርግም፣ ማንም ተቃቅፎ አያለቅስም። እስኪ ለአባትሽ ያንን አሳዪውና የሚለውን ንገሪን።

መምህር ነበርኩ

74 ዓመቴ ነው። እዚህ የምገባው ለማንበብ ነው፣ ብዙ አልጽፍም። ዛሬ ግን ልጻፍ።

ልጄ፣ አባትሽ ለምን መልሶ እንዳልደወለ ይገባኛል። ሰው ፈራሁ ብሎሽ በርታ ብለሽ ስትስቂ፣ እንዴት ብለሽ ትመለሻለሽ? ዕድሜ ሲገፋ እንደዚህ ያለ እፍረት ይበዛል። ፊልሞቹ ሞትን እንፈራለን ይላሉ። ሞት በቀን ስንት ጊዜ ትዝ ይለናል መሰላችሁ? እኔ ቀኑን ሙሉ የምፈራው ሦስተኛ ጊዜ «ምን አልክ?» ማለትን ነው።

ፊልሞቹ ስለ ጓደኝነት የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔን በየሄድኩበት ሰው ሁሉ አንቱ ነው የሚለኝ። ጎረቤት አንቱ ይለኛል። የድሮ ተማሪዎቼ፣ እነሱም ሸብተዋል፣ አንቱ ይሉኛል። የልጆቼ ባልና ሚስት አንቱ ይሉኛል። ሐኪሙ አባባ ይለኛል። ደስ ይላል፣ አክብሮት ነው። ግን እናቴ የለችም፣ ወንድሞቼ የሉም፣ ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። ከእኩዮቼ «አንተ» የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ስልክ አንስቶ «አንተ ሞኝ፣ አለህ ወይ?» ሲለኝ በአንድ ጊዜ 19 ዓመቴ ይሆናል። እሱ ሲሄድ ሰው አጣለሁ ብቻ አይደለም። «አንተ» የሚባለው ሰውዬ ራሱ አብሮት ይሄዳል።

ደግሞ ስለ ፀብ። ፊልም ላይ ያረጁ ጓደኛሞች ይጣላሉ፣ ከዚያ አንዱ ረጅም ንግግር አድርጎ ይታረቃሉ። እኔና ይሄ ጓደኛዬ በአንድ ነገር ተቀያይመን ሦስት ዓመት ያህል ተኳርፈናል። የሽማግሌ ኩርፊያ ከባድ ነው፣ ጊዜው አጭር መሆኑን እያወቁም ይቀጥሉበታል። አንድ ቀን ደወለና «ያ ጉልበትህ እንዴት ሆነ?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። አለቀ። ይቅርታ የሚል ቃል ከማናችንም አልወጣም። ስለ ፀቡም እስከ ዛሬ አላነሳንም።

ጆሮ ክፍል

የመስማት ምርመራ የሚደረግበት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ታናሽ ልጅ፣ «ፈርቻለሁ»ን «ሠርቻለሁ» ብሎ መስማት በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። ለአባትሽ ንገሪው፣ የአእምሮ ችግር አይደለም፣ የትኩረት ማጣትም አይደለም።

በዕድሜ የሚመጣው የመስማት መቀነስ ድምፅን ሁሉ እኩል አይቀንስም። ቀድመው የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ተ የመሳሰሉት። ወፍራሞቹ ይቆያሉ። ስለዚህ «ሠራ»፣ «ፈራ» እና «ተራ» ጆሮው ጋ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። የቀረውን አእምሮ በግምት ይሞላል። ታካሚዎቻችን የሚሉት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም።» በትክክል እንደዚያ ነው።

መጮህ ለምን እንደማይረዳም ልንገራችሁ። ስንጮህ የሚጎላው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ሰ እና ፈ እዚያው ናቸው። ላውድ ስፒከር ደግሞ ያባብሰዋል፣ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። በሁለቱም ጆሮ የሚደረግ ኢርፎን ይሻላል። ፊት ለፊት ሆኖ፣ ብርሃን ፊት ላይ እያረፈ፣ ቀስ ብሎ መናገር ከሁሉ ይሻላል። ሰው ሳያውቀው ከንፈር ያነባል። ስልክ ላይ ከንፈር የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች ከ25 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ከአራት አንድ ማለት ነው። እስቲ ከአራት የፊልም ሽማግሌ አንዱ እንኳ ጆሮው ላይ መሣሪያ ያደረገ አይታችኋል? ፊልም ላይ ስምንት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ በአንዴ ያወራል፣ ሽማግሌው መሐል ሆኖ ይቀልዳል። በእውነቱ ዓለም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሽማግሌው ሌሎቹ ከሳቁ በኋላ ዘግይቶ ይስቃል። ከዚያ መሳቁንም ይተዋል። ቤተሰቡ «አባባ ዝምተኛ ሆኑ» ይላል። ጠባያቸው የተለወጠ ይመስለዋል።

አስመርምሪው። መሣሪያው እንደ መነጽር ወዲያው አያስተካክልም፣ ጆሮም አእምሮም እስኪለምዱት ሳምንታት ይወስዳል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ የሚወረውረው ይህን የሚነግረው ሰው ስለሌለ ነው።

ሐሳብ አለኝ

ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ለጀብዱ ፊልሞችም አንድ ሰው ይቁምላቸው። አያቴ እንደዚህ ያሉ ፊልሞችን ስታይ ፊቷ ይበራል። እንደማታደርገው ታውቃለች። እኛስ ፊልም ላይ ያየነውን ሁሉ ልናደርግ ነው እንዴ የምናየው? ሽማግሌ ሲሆን ብቻ «እውነታውን አሳዩት» ማለት ልክ አይመስለኝም።

ደግሞም ጀብዱውና እውነቱ አንድ የሆኑበት ፊልም አለ። «ዘ ስትሬት ስቶሪ» ይባላል፣ ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው። ታሪኩ የሆነ ነው። አልቪን ስትሬት የሚባል የ73 ዓመት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ወንድሙ ስትሮክ እንደመታው ይሰማል። መኪና እንዳይነዳ ዓይኑም እግሩም እምቢ ብለውታል። መንጃ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላው ተጎታች አስሮ፣ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሄደ። ሳምንታት ፈጀበት። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሠራው ሪቻርድ ፋርንስዎርዝ 80 ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነበር። ፊልሙ ሲቀረጽ ካንሰር ነበረበት፣ አረማመዱ ትወና አልነበረም።

እኔን የሚገርመኝ ሰውየው ዓለምን ሊዞር አለመውጣቱ ነው። ወንድሙ ጋ መሄጃ አጥቶ ነው። የታናሽ ልጅ አባትና ጓደኛውም እኮ ችግራቸው እሱ ነው። ጆሮው አለ፣ ግን አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ያራራቃቸው ምንድን ነው? መሄጃ ነው። የሚወስዳቸው ሰው ነው።

ታናሽ ልጅ

ሐሳብ አለኝ፣ ይሄ ነገር ወጋኝ። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ።

እማዬና ጓደኛዋ

ስለ ወንዶች ብቻ ስታወሩ ቆያችሁ፣ እኔ ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ፊልም ላይ አሮጊት ሴቶች ሲገናኙ ወይ ባል ይፈልጋሉ፣ ወይ ይሰክራሉ፣ ወይ አንዷ ትሞታለች። እናቴና ጓደኛዋ ያላቸው ሚስኮል ነው።

በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የእናቴ ስልክ አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ይዘጋል። «ነቅቻለሁ» ማለት ነው። እናቴም መልሳ አንድ ጊዜ ትደውልና ትዘጋለች። ሁለቱም ብቻቸውን ነው የሚያድሩት። ማን እንደጀመረው አያስታውሱም። ለእኛ ለልጆቹ አልነገሩንም፣ እኔ ያወቅኩት እናቴ ጋ ያደርኩ ቀን «እማዬ፣ ሰው ደውሎልሻል» ብዬ ልመልስ ስልኩን ሳነሳ ነው። «ተዪው! አታንሺው፣ ይቆጥርባታል» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ስልኩ አልጠራም። እናቴ እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ጠበቀች። ደወለች፣ አይነሳም። የጓደኛዋ ልጅ ጋ ደወለች። ሄዶ ሲያይ እናቱ መታጠቢያ ቤት ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ መሬት ላይ ናት። ከሌሊቱ ጀምሮ። ሚስኮሉ ባይኖር ኖሮ እስከ ማታ የሚያያት ሰው አልነበረም። አሁን በክራንች ትሄዳለች። ሚስኮሉ ቀጥሏል።

ፊልም ሠሪ የሆነ ሰው እዚህ ካለ፣ ይሄንን ይውሰደው። ፈቅጃለሁ፣ እናቴም ትፈቅዳለች።

አንባቢ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፊልሞች የጓደኛ ቁጥር ማነስን ሁሌ እንደ አደጋ ነው የሚያሳዩት። ላውራ ካርስተንሰን የምትባል የስታንፎርድ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናችው ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሰው የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማው፣ ለወጉ ብቻ የያዛቸውን ሰዎች ራሱ ይተዋል፣ ለልቡ የሚቀርቡትን ይይዛል። ክቡ የሚጠበው በከፊል በምርጫ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከጎልማሶች ይልቅ ስሜታቸው የረጋ ሆኖ የሚገኘውም በከፊል ለዚህ ነው ትላለች።

መምህር ነበርኩ

አንባቢ፣ ግማሹ እውነት ነው። ለወግ የምሄድባቸውን ትቻለሁ፣ አልቆጨኝም። ግን የእኔን ክብ ያጠበበው ምርጫ ብቻ አይደለም። አንዱ ልጆቹ ጋ ሩቅ አገር ሄደ። አንዱ ማስታወስ አቆመ፣ ስሄድ «ማን ልበል?» ይለኛል፣ በአንቱታ። የቀሩት ሞቱ። ይሄን መርጠህ ነው ብትሉኝ አዝናለሁ።

ሳልናገረው ቆየሁ

ይህን ውይይት ሁለት ቀን ሳነብ ቆየሁ። እኔም አንድ ነገር አለኝ።

አባቴ በመጨረሻው ዓመት እኔ ጋ ነበር። ሥራ ይበዛብኛል፣ እሱን ማንሳት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ማጠብ አለ። ጓደኛው በየሁለት በሦስት ቀኑ ይደውላል። ሁለቱ ሲያወሩ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ አባቴ ከዚያ በኋላ ይደክመዋል፣ እንቅልፉም ይዛባል። ስለዚህ «ተኝቷል ጋሼ» እል ጀመር። ተኝቶ ያልነበረበት ጊዜ ብዙ ነው። «እሺ ልጄ፣ ደውሎ ነበር በይው» ይለኛል። አንዳንዴ መንገሩንም እረሳለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አልወቀሰኝም። «መጨረሻ መጨረሻ ላይ ብዙ ይተኛ ነበር አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ፊልሞቹ ላይ ልጆች ክፉ ናቸው ወይ ጥሩ ናቸው። እኔ አባቴን እወደው ነበር። እየተንከባከብኩት ነበር። በዚያው እጄ ደግሞ ጓደኛውን ከለከልኩት። ታናሽ ልጅ፣ እባክሽ ውሰጂው። ነገ ዛሬ አትበይ።

ጆሮ ክፍል

ሳልናገረው ቆየሁ፣ አይዞሽ። ድካም ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ስለጻፍሽው እናመሰግናለን።

ታናሽ ልጅ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

አባቴ ተመርምሯል። ግራ ጆሮው ከቀኙ በጣም ይሻላል። መሣሪያው ገና አልደረሰለትም። «ቶክዮ ስቶሪ»ንም አሳየሁት። ሦስቱ ሽማግሌዎች የሚጠጡበት ጋ ሲደርስ «ይሄኛው ልክ ነው» አለና መልሼ እንድከፍትለት ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ወሰድኩት። ሳልናገረው ቆየሁ፣ በአንቺ ምክንያት ነው ሌላ ቅዳሜ ያልጠበቅኩት።

የጓደኛው ልጅ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ደረጃውን ቆጠርኩት፣ 36 ነው። አባቴ ሦስት ጊዜ አረፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኛው ለምን እንደማይመጣ ሲገርመን ነበር። ያኔ ገባኝ።

በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ዓይኑ ድኗል። አባቴን ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተ! እንደዚህ ሆነሃል እንዴ?» አለው። አባቴ «አሁን ገና ነው እንዴ የምታየኝ?» አለ። ተቃቀፉ፣ ግን ባጭሩ፣ ሁለቱም ቶሎ መቀመጥ ፈልገዋል።

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አባቴ «ምን አልክ?» አለ። ጓደኛውም «ምን አልክ?» አለ። አባቴ በተሻለው ጆሮው በኩል እንዲሆንለት በግራው አስቀመጠው። ጓደኛው ደግሞ በቀኙ ነው ደህና የሚሰማው። ለካ ቦታ ከተቀያየሩ ለሁለቱም ልክ ይመጣል። ከዚያ በኋላ አልጮሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጮሁ የሰማኋቸው ሰዎች በሹክሹክታ ሲያወሩ ከወዲህ ሆኜ የሚሉት አልሰማ አለኝ።

አንዱን ብቻ ሰማሁ። አባቴ «ፈርቻለሁ ብለኸኝ ነበር» አለው። «እኔ ሠርቻለሁ ያልክ መስሎኝ።»

«አውቃለሁ። በርታ ስትለኝ ጊዜ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እንዳታፍር ብዬ።»

አባቴ እጁን አንስቶ የጓደኛው ጉልበት ላይ አደረገ። ከዚያ ስለ መድኃኒት ማውራት ጀመሩ። የትኛው ከምግብ በፊት ነው፣ የትኛው እንቅልፍ ያመጣል፣ የትኛው ሐኪም ይሻላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። ዞር ብዬ ሳይ ሁለቱም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የአባቴ እጅ እዚያው ጉልበቱ ላይ ነው።

የጓደኛው ልጅና እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ስልክ ተለዋወጥን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እኔ አመጣዋለሁ፣ ከሥራ የማልወጣበት ቀን እሷ ትወስደዋለች። ደረጃው ላይ ማረፊያ ወንበር ለማስቀመጥም ተነጋገርን፣ አንዱ 12ኛው ደረጃ ላይ፣ አንዱ 24ኛው ላይ።